ሰዓቱ ተበላሽቷል ከማለታችን በፊት

ባለፈው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሯችን ብቅ ብሎ በመሐረብ የተጠቀለለ የእጅ ሰዓት ከኪሱ አወጣ። ሰዓቱ ባትሪ የሌለው፣ በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ፣ በተለምዶ «ኦቶማቲክ» የምንለው ዓይነት ነው። የላኩት በዋሽንግተን የሚኖሩ አጎቱ ሲሆኑ፣ የተላከላቸው ደግሞ በጡረታ ላይ የሚገኙት አባቱ ናቸው። ሰዓቱ አባትየው እጅ ላይ በዋለ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሌሊት ቆሞ ያድራል፤ ሲሄድም ወደ ኋላ ይቀራል። ለሰዓት ሠሪ ተሰጥቶ ተከፍቶ ተዘግቷል፤ ገንዘብም ተከፍሎበታል። ለውጥ ግን አልመጣም። «አባቴ፣ ወንድሜ የተበላሸ ዕቃ ላከልኝ ብሎ አዝኗል፤ ስልክ መደወልም ትቷል» አለን ተማሪው። የመጣው ሰዓቱን እንድንጠግንለት አልነበረም። ሐሰተኛ ሥሪት መሆን አለመሆኑን በፊዚክስ ማወቅ ይቻል እንደሆነ ሊጠይቀን ነው።

ለጊዜው ምንም መልስ አልሰጠነውም። ሰዓቱን ለአንድ ሳምንት ራሱ እንዲያስረው፣ በየማለዳው በተመሳሳይ ሰዓት ከስልኩ ጋር እያስተያየ የሰከንዱን ልዩነት በደብተር እንዲጽፍ ብቻ ነገርነው። በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ ደብተሩ ላይ ሰባት ቁጥሮች ነበሩ። ሰዓቱ አንድም ቀን አልቆመም፤ በቀን በአማካይ 11 ሰከንድ ይቀድማል። ያው ሰዓት አባት እጅ ላይ ይቆማል፤ ልጅ እጅ ላይ ይሮጣል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የምንሻው ጉዳይ ይኸው ነው። የሜካኒካል ሰዓት ትክክለኛነት የማሽኑ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የማሽኑና የባለቤቱ ልማድ የጋራ ውጤት ነው። ይህን አለመረዳታችን በሰዓት ብቻ ሳይሆን በቤተ ሙከራችንም ላይ ጉዳት እያደረሰ ነው የሚል እምነት አለን።

በቅድሚያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። የሜካኒካል ሰዓት ልብ ባላንስ የሚባለው ተወዛዋዥ ጎማና ከእርሱ ጋር የታሰረው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥምዝ ሞላ ነው። ጎማው ወዲያና ወዲህ ሲዞር ሞላው ይጠመዘዛል፣ ይፈታል። የአንዱ ሙሉ ውዝዋዜ ጊዜ የሚወሰነው በጎማው የመዞር ግትርነት (ኢነርሺያ) እና በሞላው ጥንካሬ ነው፤ ይህም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የቀላል ውዝዋዜ ቀመር ነው። ብዙዎቹ ዘመናዊ ሰዓቶች በሰዓት 21,600 ወይም 28,800 ጊዜ ይመታሉ፤ ይኸውም በሰከንድ 6 ወይም 8 ምት መሆኑ ነው። ጥምዝ ሞላውን ለሰዓት ያዋለው የኔዘርላንዱ ክርስቲያን ሃይገንስ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1675 ነበር። ይኸው ሰው ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1656፣ የፔንዱለም ሰዓትን ሠርቷል።

በፔንዱለምና በባላንስ መካከል ያለው ልዩነት ለእኛ ለደጋ አገር ሰዎች ትርጉም አለው። ፔንዱለም የሚወዛወዘው በመሬት ስበት ነው፤ ስበት ሲለወጥ ፍጥነቱም ይለወጣል። ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ እ.ኤ.አ. በ1672 ወደ ካየን ሲሄድ፣ ፓሪስ ላይ በትክክል የተስተካከለው የፔንዱለም ሰዓቱ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀርቶበታል። የእኛን ብናሰላ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ የተስተካከለ የፔንዱለም ሰዓት በባቡር ተጭኖ አዲስ አበባ ቢደርስ፣ ከከፍታው የተነሣ ብቻ በቀን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይዘገያል። ጥምዝ ሞላ ያለው የኪስ ወይም የእጅ ሰዓት ግን ከፍታን በዚህ ረገድ አያውቅም፤ ሞላው ጥንካሬውን ከስበት አይበደርምና። ታዲያ ስበት ከበር ቢባረርም በመስኮት ተመልሶ መግባቱ አልቀረም።

ሰዓቱ ጠረጴዛ ላይ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ሲተኛ የባላንሱ እንዝርት በጫፉ ብቻ በተወለወለ ድንጋይ ላይ ይቆማል፤ ሰበቃው እጅግ አነስተኛ ነው። ሰዓቱ በጎኑ ሲቆም ግን እንዝርቱ በሁለቱም ጫፎቹ በጎን ተደግፎ ይሽከረከራል፤ ሰበቃው ይጨምራል፤ የውዝዋዜው ስፋትም ይቀንሳል። ጤናማ ሰዓት ተሞልቶ ሲተኛ ባላንሱ ወደ እያንዳንዱ ጎን 280 ዲግሪ ያህል የሚዞር ከሆነ፣ በጎኑ ሲቆም 30 ወይም 40 ዲግሪ ሊያጣ ይችላል። መጽሐፉ እንደሚለው ቢሆን ኖሮ የስፋቱ መቀነስ ምንም ለውጥ ባላመጣ ነበር። የቀላል ውዝዋዜ ጊዜ በስፋቱ ላይ አይመሠረትምና። ነገር ግን ባላንሱን በየምቱ የሚገፋው ማርሽ ውዝዋዜውን በትንሹ ይረብሻል፤ ሞላውም ፍጹም አይደለም። ስለዚህ ስፋቱ ሲቀንስ ሰዓቱ በአብዛኛው ወደ ኋላ የመቅረት ዝንባሌ ያሳያል።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። የባላንሱ የክብደት ማዕከል ከእንዝርቱ በጥቂቱ ዝንፍ ካለ ጎማው በጎኑ በቆመ ጊዜ ራሱ ትንሽ ፔንዱለም ይሆናል። ከባዱ ጎን ከታች ከሆነ ስበት ሞላውን ያግዛል፤ ሰዓቱ ይፈጥናል። ከላይ ከሆነ ይቃወመዋል፤ ሰዓቱ ይዘገያል። የሚያስደንቀው ደግሞ ይህ ውጤት የውዝዋዜው ስፋት 220 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መጥፋቱና ከዚያ በላይ መገልበጡ ነው! የሒሳብ ዝንባሌ ያላችሁ ተማሪዎች በአንድ ሙሉ ውዝዋዜ ላይ የስበቱን ጠምዛዥ ኃይል አማካይ ውጤት ብታሰሉ የቤሰል ፈንክሽን ታገኛላችሁ፤ የመጀመሪያው ዜሮ 3.83 ራዲያን ላይ ነው። ወደ ዲግሪ ለውጡትና ተመልከቱት። ከቤሰል ፈንክሽን ጋር የተዋወቅነው በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር በከበሮ ቆዳ ርግብግቢት አማካይነት ነበር። በክንዳችን ላይም መኖሩን ያወቅነው ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑን ስንናገር ትንሽ እናፍራለን።

እንግዲህ ልማድ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱን በግራ እጁ የሚያስር ሰው ክንዱን ሲያንጠለጥል የሰዓቱ መሙያ ወደ መሬት ይመለከታል። በቀኝ እጁ የሚያስር ግራኝ ግን ያንኑ ሰዓት መሙያውን ወደ ሰማይ አድርጎ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ የሚጽፍ ጸሐፊ ሰዓቱን አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ያውለዋል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰዓት ቢለዋወጡ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ያገኛሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሌሊቱ ደግሞ ከቀኑ ያልተናነሰ ድርሻ አለው።

ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም። ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ አገራችን በተመለስንበት ዓመት፣ በውጭ ሳለን በወር ግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ ይቀድም የነበረው ሰዓታችን እዚህ በወር ከሁለት ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። ጉዞው ጎድቶት ይሆናል ብለን ፒያሳ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ወሰድነው። ሽማግሌው ሰዓቱን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡት፤ አልከፈቱትም። «ልጄ፣ ሌሊት የት ነው የሚያድረው?» ሲሉ ጠየቁን። «ግድግዳ ላይ፣ ሚስማር ላይ ነው የምሰቅለው፣ አባባ» አልናቸው። «ድሮስ?» «ድሮ ጠረጴዛ ላይ ነበር የማስቀምጠው።» ሰዓቱን መልሰው ሰጡንና «በል ጠረጴዛ ላይ አስተኛው፤ ካልሆነ ከወር በኋላ ተመለስ» አሉን። ለዚህ ምክራቸው አንድም ሳንቲም አልተቀበሉንም። እኛ አልተመለስንም፤ ሰዓቱ ግን ተመለሰ።

በኋላ ላይ ነገሩን በቁጥር ለማየት ሞከርን። ሰዓታችን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ሲተኛ በ24 ሰዓት 8 ሰከንድ በሚያስቀድም ፍጥነት ይሄዳል፤ በጎኑ ሲሰቀል 7 ሰከንድ በሚያዘገይ ፍጥነት፣ ክንዳችን ላይ ሲውል ደግሞ 3 ሰከንድ በሚያዘገይ ፍጥነት። ቀኑን 15 ሰዓት ብናስረውና ሌሊቱን 9 ሰዓት ብናስተኛው ቀን ላይ 1.9 ሰከንድ ያጣል፣ ሌሊት 3 ሰከንድ ያተርፋል፤ ሂሳቡ በቀን 1.1 ሰከንድ መቅደም ነው። ብንሰቅለው ግን ሌሊቱም 2.6 ሰከንድ ይነጥቀዋል፤ ድምሩ 4.5 ሰከንድ መዘግየት ይሆናል። በሠላሳ ቀን ሲባዛ አንዱ 33 ሰከንድ መቅደም፣ ሌላው 135 ሰከንድ መዘግየት ነው። ማሽኑ አንድ ነው፤ የተለወጠው አንድ ሚስማር ነው።

ወደ ተማሪያችን አባት እንመለስ። ኦቶማቲክ ሰዓት በውስጡ የሚሽከረከር ክብደት አለው፤ ዋናውን ሞላ የሚሞላው ክንድ ሲንቀሳቀስ ይኸው ክብደት ነው። ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ ከተሞሉ 40 ሰዓት ያህል ይሄዳሉ። እኒህ አባት ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አብዛኛውን ቀን ተቀምጠው ያሳልፋሉ። ሞላው የሚያገኘው ከሚያወጣው ያነሰ ነው። ሞላው ሲላላ የባላንሱ ስፋት ይጠባል፤ ሰዓቱ መጀመሪያ ይዘገያል፣ ቀጥሎ ይቆማል። ምንም ብልሽት የለበትም፤ ተርቧል እንጂ። እንደ ዕድል ሆኖ ይህኛው በእጅም የሚሞላ ነበር (ሁሉም አይደሉም)፤ በየማለዳው መሙያውን ሠላሳ ጊዜ ያህል ማዞር ብቻ በቂ ሆነ። በእጅ የሚሞላ ሰዓት ያላችሁም በየቀኑ በአንድ የተወሰነ ሰዓት መሙላታችሁ ከንቱ ሥርዓት አይደለም፤ ባላንሱ በየቀኑ ተመሳሳይ ስፋት እንዲያገኝ ያደርገዋልና።

ስለ ሙቀት ብዙ አንልም፤ ችግሩ በአብዛኛው ተፈቷል። ከተራ ብረት የተሠራ ሞላ ባለው ሰዓት አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት በቀን አሥር ሰከንድ ያህል ያዘገይ ነበር። ይህን ያስቀሩት የኒኬልና የብረት ቅይጦች ሲሆኑ፣ በእነርሱ ላይ የተመራመረው ሻርል ኤድዋር ጊዮም እ.ኤ.አ. የ1920ን የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ማግኔት ግን ዛሬም ጠላት ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ፣ የቦርሳ መዝጊያ፣ የሬዲዮ ስፒከር ሁሉ ማግኔት አላቸው። ጥምዙ ሞላ ማግኔት ከያዘው ጥምዞቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ሞላው እንዳጠረ ይቆጠራል፤ ሰዓቱም በቀን ደቂቃዎችን መቅደም ይጀምራል። ሰዓታችሁ በድንገት እንደ እብድ ከሮጠ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ሌሊት አጠገቡ ያደረውን ስልክ ይሁን። መድኃኒቱም ከማግኔት ማላቀቅ ብቻ ነው፤ መፍታት አያስፈልግም። ቡና እየወቀጡ፣ ከበሮ እየመቱ ሰዓት ማሰር ደግሞ ባላንሱን በየምቱ መነቅነቅ ነው፤ ለዚህ ጊዜ ሰዓቱ ቢወልቅ ይመረጣል።

በነገራችን ላይ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰዓቱን የሚያስተካክል ሰው የቀን ማሳያው ወይ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ወይ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሲቀየርበት ያያል። ይህም ብልሽት አይደለም። ፋብሪካው ቀኑ በእኩለ ሌሊት ይለወጣል ብሎ አስቦ ነው፤ እኛ ደግሞ ሌላ አስበናል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳባችን እንለፍ። በየዓመቱ ከምናርማቸው የቤተ ሙከራ ዘገባዎች መጨረሻ ላይ «የስህተት ምንጭ፦ የሰው ስህተት» የሚል ዐረፍተ ነገር የሌለበት ማግኘት ብርቅ ነው። የማን ሰው? ምን ያደረገ? ስንት ያህል? ወደየትኛው አቅጣጫ? ተማሪው አይጠየቅም። ከዚህም የከፋ አለ። በፔንዱለም የስበትን ማጣደፍ ሲለኩ 9.6 ያገኙ ተማሪዎች ቁጥሩን ወደ 9.8 «ሲያስተካክሉ» አይተናል። ለምን? ምክንያቱም እኛ መምህራን ለ9.8 ሙሉ ነጥብ፣ ለ9.6 ግማሽ ነጥብ ስንሰጥ ኖረናል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ስህተትን እንደ ነውር አስተማርን፤ ተማሪውም ነውሩን መሸፈን ተማረ።

የሰዓት ታሪክ የሚያስተምረው የዚህን ተቃራኒ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሃሪሰን በባሕር ላይ ኬንትሮስን ለማወቅ የሠራው አራተኛው ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1761 መጨረሻ ወደ ጃማይካ ተላከ። ከ81 ቀን በኋላ ሲመረመር ስህተቱ 5 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር ይባላል። ይህ ግን ሰዓቱ በየቀኑ ወደ ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ እንደሚዘገይ ታውቆ፣ ያ ከተቀነሰ በኋላ ነው። ሳይቀነስ ቢታይ ልዩነቱ ከሦስት ደቂቃ በላይ ነበር፤ አራት ደቂቃ አንድ ሙሉ የኬንትሮስ ዲግሪ መሆኑን እናስታውስ። ፈታኞቹ ካነሧቸው ቅሬታዎች አንዱ ይህ ዕለታዊ ልዩነት ከመነሻው በፊት አለመመዝገቡ ነው፤ ትክክልም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1764 ወደ ባርቤዶስ በተደረገው ሁለተኛ ፈተና ልዩነቱ አስቀድሞ ተጽፎ ተሰጠ፤ ሰዓቱም ፈተናውን አለፈ። ሃሪሰንን ያስመሰገነው ሰዓቱ ስህተት የሌለው መሆኑ አይደለም፤ ስህተቱ የማይዋልል መሆኑና አስቀድሞ መታወቁ ነው። በየቀኑ 10 ሰከንድ ብቻ የሚቀድም ሰዓት፣ አንድ ቀን 6 ቀድሞ በማግስቱ 6 ከሚዘገይ ሰዓት ይበልጣል፤ ምንም እንኳ የኋለኛው በአማካይ «ትክክል» ቢሆንም።

ዛሬም ቢሆን «ክሮኖሜትር» የሚለውን ማዕረግ የሚሰጠው የስዊዘርላንድ ይፋዊ ተቋም ሰዓቶችን ለ15 ቀናት በአምስት አቀማመጥና በሦስት የሙቀት መጠን ይፈትናል፤ ዕለታዊ አማካይ ልዩነቱም 4 ሰከንድ ከመዘግየት እስከ 6 ሰከንድ ከመቅደም እንዲሆን ይጠይቃል። ፈተናው የሚደረገው ማሽኑ ቤቱ ውስጥ ሳይገባ ነው፤ የማንም ክንድ ላይ አልዋለም። ስለዚህ ምስክር ወረቀቱ ስለ ማሽኑ እንጂ ስለ እናንተ ሕይወት አይናገርም። በአንጻሩ ሴይኮ ኩባንያ ለ4አር36 ማሽኑ የሚሰጠው ወሰን በቀን ከ35 ሰከንድ መዘግየት እስከ 45 ሰከንድ መቅደም ነው። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ተማሪ ሊኖር ይችላል። ግን በቀን 20 ሰከንድ የሚሳሳት ሰዓት ከ86,400 ሰከንድ የሚያጣው 0.023 በመቶ ብቻ ነው። እኛ በቤተ ሙከራችን 2 በመቶ ስናገኝ እጅ እንጨባበጣለን!

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን። በአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ የአንድ ሜካኒካል ሰዓት የሁለት ሳምንት ምዝገባ ይግባ። አምስት ተማሪዎች አንድ ሰዓት ይጋሩ፤ ለየሁለት ቀናት ቦታውን ይቀያይሩ፦ ፊቱ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ መሙያው ወደ ላይ፣ ከዚያ በየተራ ክንድ ላይ። ነጥብ የሚሰጠው ሰዓቱ ትክክል ስለሆነ ሳይሆን ልዩነቱ ስንት፣ መዋዠቁስ ስንት እንደሆነ ስለተጻፈ ይሁን። «የሰው ስህተት» የሚለው ሐረግ ይከልከል፤ በምትኩ የትኛው ሰው፣ የት አስቀመጠው ይባል።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይቃወሙናል። «ስልክ እያለ የምን ሜካኒካል ሰዓት? የባለጸጋ ጌጥ ነው» ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገበው ባለ ኳርትዝ ርካሽ ሰዓት ከማንኛውም ውድ ሜካኒካል ሰዓት ይበልጣል፤ ጊዜን ለማወቅ ብቻ ከሆነ ክርክር የለንም። ነገር ግን ኳርትዙ ተማሪውን አይፈልገውም፤ ቢሰቅለውም ቢያስተኛውም በዓይን የሚታይ ለውጥ አይሰጠውም። ልማዱን በቁጥር መልሶ የሚያሳየው፣ በኪስ የሚያዝ፣ የኤሌክትሪክ መቋረጥ የማያቆመው መሣሪያ ፈልገን ከዚህ የተሻለ አላገኘንም። ዋጋውን በተመለከተ ደግሞ አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ «ተበላሽቷል» ተብሎ የተቀመጠ የአያት ሰዓት አይጠፋም። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ በእርግጥ እንደተበላሸ መለየት ራሱ የመጀመሪያው ሙከራ ሊሆን ይችላል።

ተማሪያችን በቅርቡ መጥቶ ነበር። የአባቱ ሰዓት እየተሞላ በቀን 4 ሰከንድ እየዘገየ ይሄዳል። ደብተሩን አሁን የያዙት አባትየው ናቸው፤ ቁጥሩን በየማለዳው ራሳቸው ይጽፋሉ። ወደ ዋሽንግተን ስልክ ተደውሎ እንደሆነ አልጠየቅነውም። እኛም በቤተ ሙከራው በር አጠገብ አንድ ደብተር አስቀምጠናል፤ ሰዓት ያለው ተማሪ ሁሉ እንዲጽፍበት። የመጀመሪያው ገጽ የእኛው ሰዓት ነው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ «ሳንመዘግብ ቀረን» ይላል።